ከመዋጮ ወደ ሙያ፦ የሶሻል ወርክ ሁለተኛ ዲግሪና የባጥሐ ኢትዮጵያውያን

በሪያድ እምብርት የሚገኘው ባጥሐ ስሙን የወረሰው በከተማዋ መሀል ይወርድ ከነበረ የጎርፍ መፋሰሻ ሸለቆ ነው። ዛሬ ሸለቆውን አስፋልትና ገበያ ሸፍነውታል፤ በጎርፉ ፈንታ ከእስያ፣ ከየመንና ከምሥራቅ አፍሪካ የመጣ ሠራተኛ ይተምበታል። ከጁሙዓ ሶላት በኋላ ኢትዮጵያውያን በዚሁ አካባቢ ይገናኛሉ፤ ለቤተሰብ ገንዘብ ይልካሉ፣ የአገር ቤት ወሬ ይለዋወጣሉ፣ ችግር ለደረሰበት ወገን ያዋጣሉ።

ርኅራኄው ሞልቶ የተረፈ ነው፤ የሚጎድለው ከመዋጮው በኋላ ያለው ሥራ ነው። ከአሠሪዋ ቤት የወጣች አንዲት የቤት ሠራተኛ ለአብነት ትወሰድ። ወገን ተባብሮ ማረፊያና የአውሮፕላን ቲኬት ያሟላላታል። ያልተከፈላት ደመወዝ አለ ወይ? ፓስፖርቷ በማን እጅ ነው? ሕክምና ያስፈልጋታል? አገር ቤት የሚጠብቃት ዕዳ ምን ያህል ነው? ቦሌ ስትደርስ የሚቀበላት ማን ነው? የእያንዳንዱ ጥያቄ መልስ ያለው በተለያየ መሥሪያ ቤት ነው። የደመወዝ አቤቱታዋን ሳታቀርብ ከተሳፈረች ደግሞ ገንዘቧን ከሩቅ ሆኖ ማስመለስ እጅግ ከባድ ይሆናል።

የሶሻል ወርክ ባለሙያ ተግባር እነዚህን ጥያቄዎች በቅደም ተከተል ማንሳት፣ ጉዳዩን መዝግቦ መያዝ፣ ወደሚመለከተው አካል መምራትና ፍጻሜውን መከታተል ነው። የባለጉዳይን ምስጢር መጠበቅ የሙያው ቀዳሚ ሥነ ምግባር ነው፤ አማናን መጠበቅና የሰውን ገመና መሸፈን በመድረሳ ለተማረ ሰው ይህ እንግዳ ትምህርት አይሆንበትም።

የተቋረጠና የቀጠለ ትምህርት

ሙያው በኢትዮጵያ ረጅም ታሪክ አለው። የመጀመሪያው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በአዲስ አበባ የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1959 ነበር። በአብዮቱ ዘመን ተዘግቶ ለሦስት አሥርት ዓመታት ያህል አገሪቱ በዚህ ስም የሚጠራ ትምህርት ቤት አልነበራትም። በ2004 እ.ኤ.አ. የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱን በሁለተኛ ዲግሪ ደረጃ እንደገና ጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የዶክትሬት መርሐ ግብር ከፈተ።

ከ2006 ዓ.ም. ኅዳር ወር ጀምሮ ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ዓረቢያ በጥቂት ወራት ውስጥ ሲመለሱ፣ ዳግም የተጀመረው ትምህርት ገና አሥር ዓመት አልሞላውም ነበር። ተመላሾቹ የሚያሻቸው መጠለያና የትራንስፖርት ገንዘብ ብቻ አልነበረም። የተጎዳ አእምሮን የሚያክም፣ ከቤተሰብ የሚያስታርቅ፣ ሥራ እስኪያገኙ የሚከታተል ባለሙያም ያስፈልጋቸው ነበር። የስደት ተመላሾች ጉዳይ ከዚያ ወዲህ የበርካታ የመመረቂያ ጥናቶች ርዕስ ሆኗል።

ሦስት መንገዶች

በባጥሐና በዙሪያዋ የመጀመሪያ ዲግሪ ይዘው ከትምህርታቸው ውጭ በሆነ ሥራ የተሰማሩ ኢትዮጵያውያን አሉ። ለእነርሱ ሦስት መንገዶች ይታያሉ።

የመጀመሪያው አገር ቤት ገብቶ በመደበኛነት መማር ነው። ከአዲስ አበባ ሌላ የጎንደር ዩኒቨርሲቲም በዘርፉ በሁለተኛ ዲግሪ ያስተምራል። አመልካቹ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ማለፍ ስለሚጠበቅበት፣ የጉዞውን ጊዜ ከፈተናው ጋር ማስማማት ይኖርበታል።

ሁለተኛው የርቀት ትምህርት ነው። የቅድስት ማርያም ዩኒቨርሲቲ ከሕንዱ የኢንድራ ጋንዲ ብሔራዊ ክፍት ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በዚህ ሙያ የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት ሲሰጥ ቆይቷል። በዚህ መንገድ የሚማር ሰው የመስክ ልምምዱን በየትኛው ተቋምና በማን ተቆጣጣሪነት እንደሚያከናውን ከምዝገባ በፊት ማረጋገጥ አለበት።

ሦስተኛው በሪያድ መማር ነው። በኢማም ሙሐመድ ኢብን ሱዑድ እስላማዊ ዩኒቨርሲቲና በሴቶቹ የልዕልት ኑራ ዩኒቨርሲቲ ሙያው በዐረብኛ ይሰጣል። የሳዑዲ ዩኒቨርሲቲዎች የነፃ ትምህርት ዕድልን ኢቃማ ይዘው በአገሪቱ ለሚኖሩና ከውጭ ለሚያመለክቱ ለየብቻ ስለሚያዩት፣ አመልካቹ በየትኛው ወገን እንደሚመደብ አስቀድሞ መለየት ይገባዋል። ዋናው ፈተና ቋንቋው ነው። የገበያና የቤት ውስጥ ዐረብኛ የዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ ለማንበብ አይበቃም፤ በመድረሳ ነሕውና ሰርፍ የተማረ ግን ጥሩ መሠረት ይዟል።

ማመልከቻውና ትምህርቱ

በሦስቱም መንገዶች ቀድመው የሚያስፈልጉት የመጀመሪያ ዲግሪና የውጤት ማስረጃ ናቸው። ኦፊሻል ትራንስክሪፕት ከተማሩበት ተቋም ማስላክ፣ ለውጭ አገር የሚቀርበውንም በሚመለከታቸው መሥሪያ ቤቶች ማረጋገጥ ጊዜ ይወስዳል። ስለዚህ ሥራው መጀመር ያለበት የምዝገባ ማስታወቂያ ሳይወጣ ነው። «ጉዳይ አስፈጻሚ ነኝ» ለሚል ሰው ዋናውን ማስረጃ አሳልፎ መስጠት አይገባም።

ቀጥሎ የድጋፍ ደብዳቤና የመማር ፍላጎትን የሚገልጽ ጽሑፍ ይመጣሉ። የእርዳታ ኮሚቴ ሒሳብ መያዝ፣ ሕሙማንን ወደ ሆስፒታል ማድረስ፣ በዐረብኛ ማስተርጎም ሁሉ በማስረጃ ሊቀርብ የሚችል ልምድ ነው። «ሰው መርዳት እወዳለሁ» ከሚል አመልካች ይልቅ፣ ያየውን አንድ ችግር ለይቶ ለምን መፍትሔ እንዳጣ የሚጠይቅ አመልካች የተሻለ ይደመጣል።

ትምህርቱ በመደበኛ መርሐ ግብር ሁለት ዓመት ገደማ ይወስዳል። የሰው ልጅ ጠባይና አካባቢው፣ የማኅበራዊ ፖሊሲ፣ የጥናት ዘዴ፣ ከግለሰብ፣ ከቤተሰብና ከማኅበረሰብ ጋር የመሥራት ስልት ይሰጡበታል። ተማሪው በሆስፒታል ወይም በሕፃናት ማሳደጊያ በመሳሰለ ተቋም በተቆጣጣሪ ሥር ይለማመዳል። እዚያ ከሚማራቸው ከባድ ነገሮች አንዱ ምክር ለመስጠት አለመቸኮል ነው።

ዲግሪው የኢቃማን ችግር አይፈታም፤ ፈጣን ገቢም አያስገኝም። ሆኖም ዐረብኛውን፣ የአሠሪና ሠራተኛውን ግንኙነትና የስደቱን ኑሮ በራሱ የሚያውቅ ባለሙያ በሪያድም በአዲስ አበባም በቀላሉ አይገኝም። ያን ዕውቀት የባጥሐ ኢትዮጵያውያን ለዓመታት በድካማቸው ገዝተውታል። በሙያ ሲደገፍ መዋጮው ከቲኬት አልፎ የተመላሿን ደመወዝ፣ ጤናና ቤተሰብ የሚደርስ ይሆናል።