ፀሐይ የበላው ፎቶ፦ መብራት ቀለም ላይ ምን ይሠራል?

ሰሞኑን ቤት ልናስቀባ ብለን ሳሎን የተሰቀሉትን ፎቶዎች በሙሉ አወረድን። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ተሰቅሎ የኖረው የእናታችን የሰርግ ፎቶ ነው። እሱን እያየን ስላደግን ቀለሙ እንደለቀቀ እንኳን ልብ ብለን አናውቅም። አቧራውን ልንጠርግ ፍሬሙን ስንፈታው ግን ክው አልን። ፍሬሙ ሸፍኖት የቆየው፣ አንድ ጣት የማይሞላው ዳር ዳሩ፣ ትናንት የታተመ ይመስላል። እዚያ ጋር ምንጣፉ ደማቅ ቀይ ነው። ያው ምንጣፍ መሃል ላይ ሲደርስ ግን ምን ቀለም እንደሆነ እንኳን አይለይም።

እማዬ ዳሩን አይታ «ቀይ ነበር እኮ!» አለች። እኛ ዕድሜ ልካችንን ቡናማ ይመስለን ነበር።

ልብስ ሲነጣ፣ መጋረጃ ሲገረጣ «ፀሐይ በላው» እንላለን። አባባል ይመስላል እንጂ ነገሩ ቃል በቃል እንደዚያ ነው። እኛም ከዚያ ቀን በኋላ ስለ መብራት ስናነብ፣ አምፖል ካርቶን ስናገላብጥ ከረምን። ያገኘነውን እናካፍላችሁ።

መጀመሪያ «መብላቱ» እንዴት ነው የሚለው። ብርሃን ጉልበት ነው። ቀለም ላይ ሲያርፍ የተወሰነው ጉልበት እዚያው ይቀርና ቀለሙን ቀለም ያሰኙትን ሞለኪዩሎች ይሰባብራል። የተሰበረው ሞለኪዩል ብርሃንን እንደ ድሮው ስለማይመልስ ዓይናችን የነጣ ነገር ያያል። በዓይን የማይታየው አልትራቫዮሌት ጨረር በዚህ በኩል ክፉ ነው። ግን የምናየው ተራ ብርሃንም ነፃ አይደለም፤ ቀስ ብሎ ያው ሥራውን ይሠራል።

ሁለት ነገር ያዙልን። አንደኛ፣ ጉዳቱ ይጠራቀማል። ለአጭር ጊዜ ብዙ ብርሃን እና ለረጅም ጊዜ ትንሽ ብርሃን መጨረሻቸው ተቀራራቢ ነው። ሁለተኛ፣ ቀለሙ አንዴ ከሄደ ሄደ። ጨለማ ውስጥ ብታስቀምጡት ተጨማሪ ጉዳት ይቆማል እንጂ የጠፋው አይመለስም።

ሙዚየም ሄዳችሁ «ምነው ጨለመ፣ መብራት ጠፋ እንዴ?» ብላችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ብለናል። ለካ ሆን ተብሎ ነው። የብርሃን መጠን የሚለካው በሉክስ ነው። ቀትር ላይ ሜዳ ብትቆሙ የሚያርፍባችሁ የፀሐይ ብርሃን ወደ 100,000 ሉክስ ይጠጋል። ማታ ሳሎን ውስጥ ያለው ተራ መብራት ግን ብዙ ጊዜ ከ100 እስከ 200 ሉክስ ቢሆን ነው። ሙዚየሞች ለጨርቅ፣ ለወረቀት፣ ለብራና ሥዕል የሚፈቅዱት ደግሞ 50 ሉክስ አካባቢ ብቻ ነው። ለዘይት ቀለም ሥዕል እስከ 200 ይሄዳሉ። ድንጋይና ብረት ብዙም ግድ የለውም።

እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። አንድ ጥበብ ቀሚስ ቀጥታ ፀሐይ ላይ ለ1 ሰዓት ብታሰጡት፣ በ50 ሉክስ መብራት ስር ለ2,000 ሰዓት እንደተሰቀለ ነው። ሙዚየሙ በቀን 8 ሰዓት ይከፈታል ብንል 250 ቀን መሆኑ ነው። አንድ ሰዓት ለ250 ቀን! ልብስ ስናሰጣ ገልብጠን ማስጣቱ ለምን እንደሚጠቅም አሁን ነው የገባን።

እንግዲህ አዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም ስትሄዱ ይህንን አስቡት። የሉሲ ቅሪት ወደ ድንጋይነት የተለወጠ አጥንት ስለሆነ ከብርሃን ጋር ብዙም ጠብ የለውም። (ለሕዝብ የሚታየው ቅጂው ነው፤ ዋናው በጥንቃቄ ተቀምጧል፤ ምክንያቱ ግን መብራት አይደለም።) የነገሥታቱ ካባና ልብስ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። እያንዳንዱ የበራ ሰዓት ይቆጠርበታል።

ድሮ የነበሩት ሰዎች ይህንን በሉክስ ባይለኩትም በተግባር ያውቁት ነበር ማለት ይቻላል። የብራና መጻሕፍት በማኅደር ውስጥ ገብተው ግድግዳ ላይ ይንጠለጠላሉ፤ አንዳንዶቹ ላይ ሥዕሉን የሚሸፍን ትንሽ ጨርቅ ገጹ ላይ ተሰፍቶ ይገኛል። ዋናው ምክንያት ክብር ሊሆን ይችላል፤ ውጤቱ ግን ቀለሙም ተረፈ። ጥቁሩ ቀለም ከጥላሸት ስለሚሠራ ብርሃን አይጎዳውም። የሚያሳስቡት ባለ ቀለሞቹ ሥዕሎች ናቸው።

አሁን ደግሞ ከሁሉም የገረመንን ታሪክ እንንገራችሁ። (ዓመቶቹ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ማርክ ሮትኮ የሚባል ስመ ጥር አሜሪካዊ ሰዓሊ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ለሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ አምስት ግዙፍ ሥዕሎች ሠራ። የተሰቀሉት ቤተ መዘክር ውስጥ አይደለም፤ አንድ ሕንፃ 10ኛ ፎቅ ላይ፣ ምግብ አዳራሽ ውስጥ ነው። ትልልቅ መስኮት ያለው ክፍል ነው፣ ፀሐይ እንደልቧ ትገባለች። ሮትኮ ከተጠቀመባቸው ቀለሞች አንዱ ደግሞ ሊቶል ቀይ የሚባል፣ ብርሃን የማይችል ቀለም ነበር። ያ ጥልቅ ቀይ ቦታ ቦታው ላይ ወደ ሰማያዊነት ሄደ። በ1979 ሥዕሎቹ ወርደው መጋዘን ገቡ። ሰዓሊው ከሞተ ቆይቷል፤ እላዩ ላይ ደርቦ መቀባት ደግሞ ሥዕሉን መግደል ነው።

መፍትሔው ከ30 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2014 መጣ። መፍትሔው ምን ቢሆን ጥሩ ነው? መብራት! ባለሙያዎቹ የድሮ ፎቶዎችን (እነሱም ቀለማቸው ለቆ ነበር፣ አስቀድመው እነሱን በኮምፒውተር አስተካከሉ) እና ሳይሰቀል የቀረ፣ ቀለሙ የተረፈ ስድስተኛ ሥዕል ይዘው፣ እያንዳንዱ ነጥብ ላይ ምን ያህል ቀለም እንደጎደለ አሰሉ። ከዚያ ሸራውን ሳይነኩ፣ የጎደለውን ቀለም ብቻ በፕሮጀክተር አበሩበት። የደበዘዘው ሥዕል ከጠፋው ቀይ ጋር አንድ ላይ ታየ።

በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ልክ 10 ሰዓት ሲሆን ፕሮጀክተሩ ይጠፋ ነበር። ተመልካቹ ዓይኑ እያየ ቀዩ ይሄድና እውነተኛው የተበላው ሸራ ይቀር ነበር። ይህንን ለማየት ብቻ በዚያ ሰዓት የሚመጡ ሰዎች ነበሩ። እኛ ብንሆን እኛም እንመጣ ነበር።

ከሙዚየም ወጥተን ሱቅ እንግባ፤ ገንዘባችን ያለው እዚያ ነዋ።

ጓደኞቻችን ለሚዜነት ተመሳሳይ ጨርቅ ሊገዙ ወጡ። አንድ ሱቅ ሙሉውን ስላላገኙ ግማሹን ከሌላ ሱቅ ወሰዱ። ሱቁ ውስጥ ሁለቱን ጨርቆች ጎን ለጎን ይዘው አመሳክረዋል፣ አንድ ናቸው። ከተሰፋ በኋላ ሰርጉ ዕለት ሜዳ ላይ ፎቶ ሊነሱ ሲወጡ ግማሾቹ ወይን ጠጅ፣ ግማሾቹ ወደ ቡናማ የሚያደላ። ሙሽራዋ አለቀሰች። የተሰፋ ጨርቅ ማን ይመልሳል?

ባለሱቁ ሌባ አልነበረም። ጥፋቱ የአምፖሉ ነው። አንድ ነገር ቀይ ሆኖ የሚታየን መጀመሪያ የሚያበራው ብርሃን ውስጥ ቀይ ካለ ነው። የፀሐይ ብርሃን ሁሉንም ቀለም ይዟል። ነጭ ኤልኢዲ አምፖል ግን ብዙውን ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ መብራት ነው፤ ላዩ ላይ ቢጫ ዱቄት መሰል ነገር ተቀብቶ ሁለቱ ሲደባለቁ ዓይናችን ነጭ ያየዋል። (ይቺን ሰማያዊ ኤልኢዲ የሠሩት ሦስት ሳይንቲስቶች በ2014 የፊዚክስ ኖቤል ወስደውባታል፤ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ።) ርካሹ ላይ ቀዩ ይጎድላል። ስለዚህ ሁለት የተለያየ ቀለም የተነከሩ ጨርቆች በዚያ መብራት ስር መንታ ይመስላሉ፤ ፀሐይ ላይ ሲወጡ ይለያያሉ።

አምፖል ቀለምን ምን ያህል በታማኝነት እንደሚያሳይ የሚለካበት ነጥብ አለ፤ ካርቶኑ ላይ ሲአርአይ ወይም አርኤ ተብሎ ይጻፋል። ከ100 ነው የሚታረመው። 80 ለተራ ሥራ ይበቃል፣ 90 እና ከዚያ በላይ ጥሩ ነው። ምንም ካልተጻፈበት እኛ ብንሆን ጥሩ ነው ብለን አናምንም። አንዲት ተንኮል ግን አለችው፦ ይህ ነጥብ የሚሰላው በ8 ፈዘዝ ያሉ ቀለሞች ሲሆን ደማቅ ቀይ ከእነሱ መካከል የለም። ስለዚህ 80 ያመጣ አምፖል ቀይ ላይ ሊወድቅ ይችላል። የሰው ቆዳ፣ በተለይ የእኛ ጠይም መልክ፣ ውስጡ ብዙ ቀይ አለው። በአንዳንድ መብራት ስር ሁላችንም አመዳም የምንመስለው ለዚህ ነው እንጂ ስላልተኛን አይደለም።

የሚያታልልም አለ። ሥጋና ፍራፍሬ ላይ ቀላ ያለ መብራት ማብራት በብዙ አገር የታወቀ የንግድ ዘዴ ነው፤ የሰነበተውን ሥጋ አሁን የታረደ ያስመስለዋል። ቻይና ጉዳዩ ስላሳሰባት ከታኅሣሥ 1 ቀን 2023 (የፈረንጅ) ጀምሮ የምግብን ትክክለኛ ቀለም የሚቀይር መብራት መጠቀምን በደንብ ከልክላለች። እኛ ጋ እስከዚያው ያለው መላ አንድ ነው፦ ጨርቅም ሆነ ጫማ ከመክፈላችሁ በፊት ይዛችሁ በር ላይ ውጡ። ባለሱቁ ቅር ቢለው ይበለው። በስልክ ካሜራ እያዩ ማመሳከር ግን አይሠራም፤ ካሜራው ራሱ ቀለሙን እንደፈለገው ያስተካክለዋል።

ቤት ስንገባ የመጀመሪያው ጥያቄ «ነጭ ወይስ ቢጫ አምፖል?» ነው። ካርቶኑ ላይ ካለው የኬልቪን ቁጥር ታውቁታላችሁ። 2700 ወይም 3000 ቢጫው ነው፣ የድሮው አምፖል ዓይነት። 4000 መሃል ላይ ነው። 6500 ያ ወደ ሰማያዊ የሚያደላው ነጭ ነው። አገር ሁሉ 6500 የሚገዛው «ይበራል» ብሎ ነው። ግን የሚበራው በሉመን እንጂ በኬልቪን አይደለም! 9 ዋት ገደማ የሆነ ኤልኢዲ ወደ 800 ሉመን ይሰጣል፣ የድሮውን 60 ዋት አምፖል ያህል ማለት ነው፤ ቢጫም ይሁን ነጭ ብዙ ልዩነት የለውም። ማታ ማታ ሰማያዊ የበዛበት ብርሃን ደግሞ እንቅልፍ የሚያመጣውን ሆርሞን ያዘገያል። መኝታ ቤት 6500 መስቀል በእኛ አስተያየት ራስን መቅጣት ነው። ለወጥ ቤት 4000 ደህና ነው።

ሁለተኛው የቦታ ጉዳይ ነው። ኮንዶሚኒየም ስንረከብ ክፍሉ መሃል ላይ አንድ አምፖል ይንጠለጠላል፤ ወጥ ቤት ሽንኩርት ስትከትፉ መብራቱ ከጀርባችሁ ስለሆነ የገዛ ጥላችሁ መክተፊያው ላይ ይተኛል። መፍትሔው ጠንከር ያለ አምፖል አይደለም፤ ከፊታችሁ፣ ከመደርደሪያው ስር አንዲት ትንሽ መብራት ነው። መስታወት ላይም እንደዚሁ፦ ከላይ የሚወርድ መብራት ዓይን ስር ጥላ ይጥላል፣ ከግራና ከቀኝ ቢሆን ግን ፊት ይፈካል። ጂፕሰም ኮርኒስ ላይ እንደ ከዋክብት የሚደረደሩትን ስፖቶች በተመለከተ... ለባለቤቱ ደስ ካለው ምን እንላለን። ግን ግማሾቹን ወደ ግድግዳው አዙሯቸው፤ ግድግዳ ሲበራ ክፍሉ ሰፋ ብሎ ይታያል፣ ሶፋ ላይ የተቀመጠ እንግዳም ዓይኑ አይወጋም።

አምፖል ስትገዙ ሱቁ ውስጥ የምትሞክሯት አንዲት ነገር አለች። አብሩትና የስልካችሁን ካሜራ በስሎው ሞሽን አነጣጥሩበት። ስክሪኑ ላይ ጥቁር መስመሮች ከሮጡ ወይም መብራቱ ብልጭ ድርግም ካለ አምፖሉ በሰከንድ 100 ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለ ነው፤ የመስመሩ ኮረንቲ 50 ኸርዝ ስለሆነ። በዓይን አይታይም፣ አንዳንድ ሰው ላይ ግን ራስ ምታትና የዓይን ድካም ያመጣል።

የእማዬን ፎቶ ፎቶ ቤት ወስደን ስካን አስደረግነው። ልጁ ዳሩ ላይ የተረፈውን ቀይ ናሙና አድርጎ ምንጣፉን መልሶ አቀላልን፣ እነ ሃርቫርድ እንዳደረጉት። ዋናው በወረቀት ተጠቅልሎ ቁም ሣጥን ውስጥ ገብቷል። መስኮቱ ፊት ለፊት የተሰቀለው ኮፒው ነው፤ እሱን ፀሐይ ትብላው።