የሃምሳ ዶላሩ ጨዋታ

ከኢፍጣር በኋላ ልጆቹ ቴሌቪዥን ሲከፍቱ የጥያቄና መልስ ውድድሩ ጩኸት ቤቱን ይሞላዋል። እኛ ግን ትዝ የሚለን በፊልም ተርፎ ያየነው የአሜሪካው ሲቢኤስ «ዋትስ ማይ ላይን» ነው፤ «ሥራዬ ምንድን ነው» እንደ ማለት ነው። ከ1950 እስከ 1967 እ.ኤ.አ. እሑድ ማታ ይታይ ነበር።

አራት ጠያቂዎች «አዎ» ወይም «አይደለም» በሚያስብሉ ጥያቄዎች የእንግዳውን መተዳደሪያ ያፈላልጋሉ። ለአንድ «አይደለም» አምስት ዶላር፣ አሥር ሲሞላ ሃምሳ፤ ከዚያ በላይ የለም። አቅራቢው ጆን ቻርለስ ዴሊ ግን ብዙ ጊዜ የቀሩትን ካርዶች ሁሉ ገልብጠው ሙሉውን ይሰጡ ነበር። (የዛሬ አዘጋጅ ይህን ቢያደርግ ሳይወቀስ አይቀርም!) እንግዳው አብዛኛውን ጊዜ ተራ ሠራተኛ ነው። ሲሰናበት ጠያቂዎቹን ይጨብጣል፤ ሴት ከሆነች ወንዶቹ ብድግ ይሉላታል።

ስርጭቱ በአብዛኛው ቀጥታ ስለነበር ከከባዱ ካሜራ ጀርባ ያለው ሰው ቢሳሳት ማረሚያ የለውም። ዛሬ የምናየው ከስክሪን ላይ በፊልም የተቀዳውን ሲሆን፣ ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብዙው ጠፍቷል። የካሜራ ሠራተኞቹን ፊት አናውቅም። ግን ያ ሠራተኛ ዝነኞቹን እየጨበጠ ሲያልፍ ዓይናቸውን ሳይነቅሉ ይከተሉታል።