ዝቅ ያለች መኪና በጎንደር ዳገት

ከቢሮ መውጫ ሰዓት ላይ በጎንደር ፒያሳ ጥግ ይዞ መንገዱን ለተመለከተ ሰው ብዙ ዐይነት መኪና ያልፍለታል። ባጃጁ ይርመሰመሳል። ሚኒባሱ በጣራው ላይ ጆንያ፣ ፍራሽና የዶሮ ቅርጫት ከምሮ ወደ አዘዞ ይወርዳል። የጭነት መኪናው እያቃሰተ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ ይወጣል። ከነዚህ መካከል አንዳንድ ጊዜ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ብቅ ስትል የወጣቱ ሁሉ ዐይን ወደ እርስዋ ይዞራል።

እስቲ የዚህች ቮልስ ባለቤት የሆነ አንድ ወጣት የመንግሥት ሠራተኛ በዐይነ ኅሊናችን እናቅርብ። ለብዙ ጊዜ እቁብ ጥሎ፣ ምሳውን ከቤቱ ቋጥሮ እየመጣ፣ ባጠራቀመው ገንዘብ ገዝቷታል። በሥዕል የሚያያቸው የስፖርት መኪናዎች ግን ደረታቸው መሬት ሊነካ ጥቂት የቀረው፣ አስፋልቱን ያቀፉ ናቸው። የእርሱዋ ደግሞ እግረ ረጅም ሆና ትታየዋለች። ስለዚህ አንድ ቅዳሜ ወደ ሽማግሌው መካኒክ ይሄድና፣

«ጋሼ፣ ሞላዋን ቆርጠው ዝቅ ያድርጉልኝ። ብዙ ገንዘብ ግን የለኝም» ይላቸዋል።

ሽማግሌውም እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ፣ «ልጄ፣ ይህች መኪና የሚቆረጥ ሞላ የላትም! ደግሞስ የምታልፍበትን መንገድ ቆጥረኸዋል?» ብለው ይመልሱለታል።

እኛም ዛሬ የምንመረምረው ይህንኑ የሽማግሌውን ጥያቄ ነው።

ዝቅታው ምን ይጠቅማል?

የወጣቱ ምኞት ከንቱ አይደለም። በገበያ ቀን ወደ ከተማ የሚመጣውን አህያ ያየ ሰው ነገሩን ያለ ትምህርት ይረዳዋል። ጭነቱ ወደ ላይ የተከመረበት አህያ በገደል ጎን ሲያልፍ ይንገዳገዳል፤ ጭነቱ በሁለት ጎኑ ዝቅ ብሎ የተንጠለጠለለት ግን ተደላድሎ ይሄዳል። መኪናም እንዲሁ ናት። ጠመዝማዛ መንገድ ላይ ስትታጠፍ ክብደቷ ከውስጠኛው ጎማ ወደ ውጭኛው ይዞራል። የክብደቷ ማዕከል ከፍ ባለ መጠን የሚዞረው ክብደት ይበዛል፤ ዝቅ ባለ መጠን ይቀንሳል።

በቁጥር እናስረዳ። 800 ኪሎ ግራም የምትመዝን፣ በግራና በቀኝ ጎማዎቿ መካከል 130 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላት፣ የክብደቷ ማዕከል ከመሬት 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ አንዲት ትንሽ መኪና እንውሰድ። የክብደቷን ግማሽ በሚያህል ኃይል ወደ ጎን እየተገፋች ብትታጠፍ፣ ከውስጥ ወደ ውጭ ጎማዎች የሚዞረው ክብደት 154 ኪሎ ያህል ነው። መኪናዋን 5 ሳንቲ ሜትር ዝቅ ብናደርጋት ይህ ቁጥር ወደ 138 ይወርዳል። ትርፉ 15 ኪሎ ያህል፣ ማለት ከአሥር እጅ አንዱ ነው።

ኪሳራውስ? ቮልስ ከሆዷ እስከ መሬት ያላት ክፍተት 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። 5 ስንቀንስላት 10 ይቀራል፤ ከሦስት እጅ አንዱ ሄደ ማለት ነው። አንድ አሥረኛ ለማትረፍ አንድ ሦስተኛ መክፈል ለእሽቅድምድም ሜዳ ያዋጣ ይሆናል፤ ድንጋይ ለተነጠፈበት የከተማ ውስጥ መንገድና ክረምት ለቦረቦረው ኮረኮንች ግን «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» ነው።

የጋራዡ ቋንቋ

ወደ ዘዴዎቹ ከመግባታችን በፊት ስለ ስሞቹ ጥቂት እንበል። በአገራችን ጋራዥ የሚነገረው ቋንቋ አብዛኛው ከጣሊያንኛ የመጣ ነው። «ባሌስትራ» በጣሊያንኛ ከመኪና በፊት የነበረ ቃል ሲሆን ትርጉሙ በጥንት ዘመን ፍላጻ የሚወረወርበት የብረት ቀስት ነው፤ ተነባብሮ የጎበጠውን ብረት ላየ ሰው ስሙ ይስማማዋል። «ሞላ» የሚጠመዘዘው ብረት ነው። «አሞርዛተር» የተባለው ደግሞ «ማደንዘዝ» ከሚል ቃል የወጣ ነው፤ ሥራውም የሞላውን ዝላይ ማደንዘዝ ነው። ሞላ መኪናዋን ይሸከማል፤ አሞርዛተር ደግሞ እንዳትዘል ይይዛታል። ሁለቱን ማደባለቅ የብዙ ስሕተት መነሻ ነው።

ቮልስ ግን ከሁለቱም ዐይነት የተለየች ናት። ፌርዲናንድ ፖርሽ የነደፋት ሲሆን የምትሸከመው ሲጠመዘዝ ተመልሶ በሚፈታ የብረት ዘንግ ነው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1948 ዓ.ም. የመጀመሪያው የፖርሽ ስፖርት መኪና፣ 356 የተባለው፣ ሲሠራ ብዙው ዕቃው ከዚህችው ከቮልስ የተወሰደ ነበር። እንግዲህ ወጣቱ ቮልሱን ከስፖርት መኪና ጋር ማዛመዱ ያለ ምክንያት አይደለም፤ የሥጋ ዘመዶች ናቸው።

ሌላዋ ዘመድ በአዲስ አበባ ታክሲነት ለብዙ ዓመት ያገለገለችው ፊያት 600፣ «ሴይቼንቶ» ናት። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1955 ዓ.ም. ወጣች። በዓመቱ ካርሎ አባርት የተባለው ባለሞያ ይህችኑ የድሃ መኪና ሞተሯን አጠንክሮ ወደ እሽቅድምድም አሰማራት፤ ለውድድር የተሠሩት ተከታዮቿም ቁመናቸው ዝቅ ያለ ነበር። በትንሽ ገንዘብ የስፖርት መኪና መሥራት እንደሚቻል ያሳየ ሰው ቢኖር እርሱ ነው። ነገር ግን የአባርት መኪናዎች የሮጡት በለሰለሰ አስፋልት ላይ እንደሆነ አንርሳ።

በትንሽ ገንዘብ የሚደረጉት ዘዴዎች

አንደኛው ሞላ መቁረጥ ነው። ዋጋው የመቁረጫ ድንጋይና የአንድ ቀን ጉልበት ብቻ ስለሆነ ብዙ ወጣት ይመርጠዋል። ሆኖም ሞላ ሲያጥር ይደነድናል፤ ስምንት ዙር የነበረው ሰባት ቢሆን ጥንካሬው በመቶ 14 ያህል ይጨምራል። አሞርዛተሩ ግን የተሠራው ለቀድሞው ሞላ ነው፤ አዲሱን ዝላይ ሊያደነዝዘው አይችልም። ከዚህም ሌላ መኪናዋ በክሪክ ስትነሣ ወይም በጉድጓድ ላይ ጎማዋ ሲንጠለጠል፣ ያጠረው ሞላ ከመቀመጫው ሊወጣ ይችላል።

ሁለተኛው ሞላውን በእሳት አግሎ እንዲሰምጥ ማድረግ ነው። ይህን ከቶ አያድርጉ። የሞላ ብረት ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በተለካ ሙቀት ግሎና ቀዝቅዞ ነው። ያልተለካ እሳት ያንን ሁሉ ያጠፋዋል። ዛሬ ዝቅ ያለ ቢመስልም ከጊዜ በኋላ እየላላ ይሄዳል፤ ወይም መሰበር በማይገባው ቦታ ላይ ይሰበራል።

ሦስተኛው ለባለ ባሌስትራ መኪና የሚሆነው ነው። ከተነባበሩት ብረቶች አንዱን ማውጣት ዝቅ ያደርጋታል፤ የመሸከም ኃይሏን ግን ይቀንሳል። በአክሱሉና በባሌስትራው መካከል የተስተካከለ የብረት ጉርድ ማስገባት ይሻላል፤ የሚያስረው ቡሎን ግን በልኩ መሆን አለበት።

አራተኛው የቮልሷ ነው። የኋላው ዘንግ በውስጠኛው ጫፉ 40፣ በውጭኛው ጫፉ 44 ጥርስ አለው። አንዱን ጥርስ ወደፊት፣ ሌላውን ወደኋላ በማዞር ከአንድ ዲግሪ ባነሰ ልዩነት ቁመቷን መለካት ይቻላል። የሚገዛ ዕቃ የለም፤ ድካም ብቻ ነው። የፊቷ ግን እንደዚህ አይቀልም፤ ዘንጉን የያዘውን ቧንቧ ቆርጦ መበየድ ይጠይቃልና የሠለጠነ እጅ ያሻዋል። ኋላዋም በጣም ዝቅ ካለ ጎማዎቿ ከላይ ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ጎማውም በውስጥ በኩል ብቻ ያልቃል።

ሊማሊሞ ላይ

አሁን ወጣታችን ከብየዳው በኋላ ለበዓል ወደ ዘመዶቹ ይሄዳል እንበል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። በአምባ ጊዮርጊስና በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ደባርቅ ሲደርስ ከፍታው ወደ 2,850 ይጠጋል። ከደባርቅ ወዲያ ያለው ሊማሊሞ ነው። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን በገደሉ ወገብ ያስፈለፈሉት ይህ መንገድ፣ እየተጠማዘዘ ወደ ዛሪማ ቆላ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል።

በዚህ ቦታ የዝቅታው ትርፍ ምን ያህል ነው? በጠባቡ መጠምዘዣ ላይ ማንም አስተዋይ ሾፌር ከ20 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አያልፍም። በዚያ ፍጥነት የሚገፋው ኃይል ከመኪናዋ ክብደት አምስት እጅ አንዱ ያህል ነው። ስለዚህ በእሽቅድምድም ሜዳ 15 ኪሎ የነበረው ትርፍ እዚህ ከ7 ኪሎ በታች ይሆናል። ኪሳራው ግን ሙሉውን ይከፈላል። መሪው እስከ መጨረሻው ሲጠመዘዝ ዝቅ ያለው ፓራፋንጎ ጎማውን ይላጨዋል። የተወረወረ ድንጋይ ማርሚታውንና የዘይት ቋቱን ያገኛል፤ ከሁሉ የሚያስፈራው ደግሞ ከሥር የሚያልፈውን የፍሬን ቧንቧ ሊመታ መቻሉ ነው። በፒያሳ ፍሬን ቢያጡ ግድግዳ ያስቆማል፤ በሊማሊሞ ግን ከመንገዱ ቀጥሎ ያለው አየር ነው። በቁልቁለቱም የሚያድነው የመኪናዋ ቁመና አይደለም፤ በወጡበት ማርሽ መውረድና ፍሬኑን ሳያግሉ መጠበቅ ነው።

የዓለም ልምድም ይህንኑ ይመሰክራል። በጎረቤታችን በኬንያና በአካባቢዋ ይካሄድ የነበረውን የምሥራቅ አፍሪካ ሳፋሪ ውድድር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1954፣ በ1957 እና በ1962 ዓ.ም. ያሸነፈችው ይህችው ቮልስዋገን ናት። ከዚያም በ1963፣ በ1966፣ በ1967 እና በ1968 ዓ.ም. ድሉ የፔጆ 404 ሆነ፤ የድሬዳዋ ሰው ታክሲው ስላደረጋት አሳምሮ ያውቃታል። በዚያ ጭቃና ድንጋይ ላይ የሚወዳደሩ ሰዎች መኪናቸውን ዝቅ አላደረጉም፤ ከፍ አድርገው ከሆዷ ሥር የብረት ጋሻ ያስሩላት ነበር።

ከሁሉ የረከሰው ዘዴ

ታዲያ ወጣቱ ምኞቱን ይተወው? አይተወውም። የሚያስፈልገው የክብደቱን ማዕከል ዝቅ ማድረግ ከሆነ፣ ወደ አህያው ጭነት እንመለስ። በዚያችው 800 ኪሎ በምትመዝን መኪና ጣራ ላይ፣ በፖርቶ መጋላው፣ አንድ 50 ኪሎ የጤፍ ጆንያ ቢጫን የክብደት ማዕከሏ ከ50 ወደ 56 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከፍ ይላል። ያንኑ ጆንያ አውርደን ከኋላ ወለሉ ላይ ብናስቀምጠው ወደ 49 ሳንቲ ሜትር ተኩል ይመለሳል። ልዩነቱ 7 ሳንቲ ሜትር ነው! ሞላ ቆርጠን፣ ቧንቧ በይደን ካገኘነው አምስት ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ዋጋው ምንም ነው፤ ከሆዷ ሥር ያለውም ክፍተት አይጎድልም ማለት ይቻላል። ጆንያው እንዳይንሸራተት በገመድ ማሰር ብቻ ነው።

ቀጥሎም የተጠራቀመችው ገንዘብ ያረጀውን አሞርዛተር ለመለወጥ፣ ያለቀውን ጎሚኒ ለመተካት፣ የጎማውን ነፋስ ለመለካትና አላይመንቱን ለማስተካከል ትዋል። አሮጌ መኪና በጠመዝማዛ መንገድ የምትዋልለው ብዙውን ጊዜ ከፍ ስላለች ሳይሆን እነዚህ ነገሮች ስላለቁባት ነው። ከነዚህ በኋላም ለመልኳ ጥቂት ዝቅ ትበል የሚል ካለ፣ ሁለት ሳንቲ ሜትር ይብቃው፤ ከዓመታዊ ምርመራው በፊትም መርማሪዎቹን ይጠይቅ።

ከመነካቷም አስቀድሞ አንድ ነጻ ፈተና አለ። አራት ጓደኞችን ጭኖ፣ መኪናዋ በክብደታቸው ዝቅ ስትል፣ ዘወትር በሚሄድበት መንገድ ቀስ ብሎ መንዳት ነው። ሆዷ ከድንጋይ ጋር ስትነጋገር ከሰማ መልሱን አገኘ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ያለ ምክንያት አይደለም። ቮልስ በአውሮፓ አቆጣጠር ከ2003 ዓ.ም. ወዲህ አትሠራም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮም በነዳጅ የሚሄዱ የግል መኪናዎች ወደ አገራችን እንዳይገቡ ተከልክሏል። ዛሬ በእጅ ያለችው አሮጌ መኪና በቀላሉ የምትተካ አይደለችም፤ የሚነዳት ወጣት ደግሞ ከቶ አይተካም።

ሽማግሌው መካኒክም ቅዳሜ ዕለት ወጣቱን ያሰናበቱት መፍቻ ሳያነሡ ነው። ጣራው ላይ የታሰረውን ፖርቶ መጋላ በእጃቸው መታ መታ አድርገው፣ «መጀመሪያ ይህን አውርድልኝ፤ የቀረውን ከዚያ በኋላ እንነጋገራለን» አሉት።