በባትሪ ስለሚሠራው የብሎን መፍቻና ስለ ባትሪው አመራረጥ

የስንዴ አጨዳ ቀን የተቈጠረ ነው። በአርሲና በባሌ ደጋ በኅዳርና በታኅሣሥ አዝመራው ደርሶ ኮምባይነር ወደ ማሳ በገባ ጊዜ ገበሬውን የሚያስፈራው ሁለት ነገር ነው፤ አንደኛው ያለ ጊዜው የሚመጣ ዝናም፤ ሁለተኛው የመኪናው መቆም ነው። ዝናሙን የሚከለክል ሰው የለም፤ የመኪናው መቆም ግን አብዛኛውን ጊዜ በሰው እጅ ያለ ነገር ነው። ጎማው የፈነዳ ወይም ኩሽኔታው የተሰበረ ኮምባይነር በማሳ መካከል ሲቆም፤ መለዋወጫው ተገኝቶ እንኳ የዛገ ብሎን አልፈታም ብሎ ግማሽ ቀን ያውላል። ሁለት ሰዎች በመፍቻው ጫፍ ላይ ቱቦ ሰክተው ይንጠለጠላሉ፤ ቱቦው ሲያመልጥ ሠራተኛው ይወድቃል፤ የብሎኑም ራስ ይላጣል። በዚህ መካከል ዝናም የደረሰበት እንደ ሆነ የበሰለው ስንዴ በቆመበት ዘለላው ላይ ይበቅላል፤ የዓመት ድካምም ዋጋውን ያጣል።

ስለዚህ ብዙ የእርሻ ጽሕፈት ቤቶች፤ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና ባለመኪናዎች በየጋራዡ «ኢምፓክት» የሚባለውን በባትሪ የሚሠራ የብሎን መፍቻ ለመግዛት ያስባሉ። አሳቡ መልካም ነው። ነገር ግን ገንዘቡ የሕዝብ ወይም የማኅበር ገንዘብ ስለ ሆነ ግዢው በማስተዋል ሊፈጸም ይገባል። የግዢውን ወረቀት የሚፈርም ሹም መካኒክ ይሁን አይባልም፤ ይሁን እንጂ አራት ነገሮችን ጠይቆ ማወቅ ይገባዋል፤ እነዚህም የሚፈታው ብሎን ልክ፤ በካርቶኑ ላይ የተጻፈው የኀይል ቍጥር ትርጕም፤ የባትሪው ዐቅም፤ በመጨረሻም መሣሪያው ሊሠራው የማይገባው ሥራ ናቸው።

መሣሪያው የሚሠራበት መንገድ እንዲህ ነው። በውስጡ እንደ መዶሻ የሚያገለግል ብረት አለ። ሞተሩ ይህን ብረት ያዞረዋል፤ ብሎኑ እንቢ ባለ ጊዜ መዶሻው ሞላውን ተጭኖ ወደ ኋላ ይመለስና እንደ ገና ወደ ፊት ተወርውሮ ዘንጉን በዙሪያው አቅጣጫ ይመታዋል። ይህም ምት በደቂቃ ውስጥ ከ1,000 ጊዜ በላይ ይደጋገማል። ዝገት የያዘውን ብሎን ከቀጥተኛ ግፊት ይልቅ ተደጋጋሚ ምት ያላቅቀዋል፤ ኀይሉም የሚያርፈው በብሎኑ ላይ እንጂ በያዘው ሰው ክንድ ላይ አይደለም። አንድ ሰው ብቻውን ሁለት ሰዎች የተሸነፉበትን ብሎን የሚፈታው ስለዚህ ነው።

የመጀመሪያው ነገር የብሎኑ ልክ ነው። የመፍቻ ኀይል የሚለካው ኒውተን ሜትር በሚባል መለኪያ ነው። ክብደቱ 60 ኪሎ የሆነ ሰው ርዝመቱ አንድ ሜትር በሆነ መፍቻ ጫፍ ላይ ቢቆም የሚሰጠው ኀይል 600 ኒውተን ሜትር ያህል ነው። በራሱ ላይ 8.8 የሚል ቍጥር የተቀረጸበት ብሎን ውፍረቱ 16 ሚሊሜትር ሲሆን በ200 ኒውተን ሜትር አካባቢ፤ 20 ሚሊሜትር ሲሆን በ400 አካባቢ፤ 24 ሚሊሜትር ሲሆን በ700 አካባቢ ይጠብቃል። 10.9 የተቀረጸበት ብረቱ የጠነከረ ስለ ሆነ ከዚህ በላይ ይፈልጋል። ለዓመታት በጭቃና በዝናም የዛገ ብሎን ደግሞ ለመፍታት ከጠበቀበት ኀይል እጅግ የበለጠ ሊጠይቅ ይችላል። እንግዲህ ከግዢ በፊት መካኒኩ በወረዳው ያሉትን ትራክተሮች፤ ኮምባይነሮችና ዲስክ ማረሻዎች ተመልክቶ ትልልቆቹን ብሎኖች በመዝገብ ቢጽፍ፤ የሚገዛው መሣሪያ በግምት ሳይሆን በሥራው ልክ ይሆናል።

የመሣሪያው ዘንግ ራስ አራት ማዕዘን ሲሆን የታወቁት ልኮች ሦስት ናቸው። ግማሽ ኢንች፤ ማለት 12.7 ሚሊሜትር የሆነው ለፒካፕ መኪናና ለመካከለኛ ብሎኖች ይበቃል። ሦስት አራተኛ ኢንች፤ ማለት 19 ሚሊሜትር የሆነው ለትራክተር የኋላ ጎማ፤ ለጭነት መኪናና ለዲስክ ማረሻ ተስማሚ ነው። አንድ ኢንች፤ ማለት 25.4 ሚሊሜትር የሆነው በሁለት እጅ የሚያዝ ከባድ መሣሪያ ነውና ለታላላቅ መኪናዎች ካልሆነ በቀር ለማሳ ሥራ አይመችም።

ሁለተኛው የቍጥሩ ትርጕም ነው። ብዙ ሠሪዎች በካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጽፉት ለመፍታት የሚሰጠውን ከፍተኛ ኀይል ነው፤ ለማጥበቅ የሚሰጠው ግን ከዚያ ያነሰ ሆኖ በውስጠኛው ወረቀት ላይ ይገኛል። ሁለቱን መሣሪያዎች የሚያወዳድር ሰው የአንዱን የመፍቻ ቍጥር ከሌላው የማጥበቂያ ቍጥር ጋራ እንዳያወዳድር ይጠንቀቅ። ከዚህም ሌላ ቍጥሩ የተገኘው ባትሪው ሞልቶ መሣሪያው አዲስ ሳለ ነው። በመፍቻውና በብሎኑ መካከል ረጅም ማራዘሚያ ሲገባ ወይም ቡሶላው በብሎኑ ራስ ላይ ሲላላ ከምቱ ብዙው በመንገድ ይጠፋል። ስለዚህ ሥራው ከሚጠይቀው በላይ የኀይል ትርፍ ያለውን መምረጥ ብልህነት ነው።

ሦስተኛውና ብዙ ጊዜ የሚዘነጋው የባትሪው ነገር ነው። በገበያ ላይ አንዱ 18 ቮልት፤ ሌላው 20 ቮልት ተብሎ ሲሸጥ ገዢው ሁለተኛው ይበልጣል ብሎ ያስባል። ነገር ግን ሁለቱም አምስት የሊትየም ሕዋሶች ተከታትለው የተያያዙባቸው ናቸው። የእያንዳንዱ ሕዋስ መካከለኛ ልክ 3.6 ቮልት ስለ ሆነ አምስቱ 18 ይሆናሉ፤ በሞሉ ጊዜ ግን ድምራቸው 20 ወይም ከዚያ ጥቂት በላይ ይደርሳል። ልዩነቱ የአጻጻፍ ብቻ ነው። እውነተኛው ልክ የሚገኘው ቮልቱን በአምፔር ሰዓቱ በማብዛት ነው። 18 ቮልትና 2 አምፔር ሰዓት 36 ዋት ሰዓት ይሆናል፤ 18 ቮልትና 5 አምፔር ሰዓት ግን 90 ዋት ሰዓት ነው።

ትልቁ ባትሪ ረዘም ላለ ጊዜ መሥራቱ ብቻ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚሰጠውም ኀይል ይበልጣል። በትልቁ ባትሪ ውስጥ ብዙውን ጊዜ አሥር ሕዋሶች በሁለት ተርታ ጎን ለጎን ሆነው ሸክሙን ይካፈላሉ። አንድ ጥማድ በሬ የሚደክምበትን እርሻ ሁለት ጥማድ ሳይጨነቅ እንደሚያርሰው ማለት ነው። ስለዚህ ብርቱ መሣሪያ ገዝቶ በ2 አምፔር ሰዓት ባትሪ ማሠራት መሣሪያውን በከንቱ ማድከም ነው። ለከባድ ሥራ ከ5 አምፔር ሰዓት ያላነሰ ባትሪ ያስፈልጋል። የአንዱ ሠሪ ባትሪም በሌላው ሠሪ መሣሪያ ላይ በተለምዶ አይገባም፤ የማኪታው በዴዋልት፤ የዴዋልቱም በቦሽ አይሠራም። አንድ ጽሕፈት ቤት መሣሪያዎቹን ሁሉ ከአንድ ዓይነት ቢገዛ ባትሪዎቹ ለሁሉም ያገለግሉታል። ስሙን ብቻ አስመስለው የሚሠሩ ርካሽ ባትሪዎች ግን የተጻፈባቸውን ዐቅም ላይይዙ፤ ከመጋልም የሚከለክል መጠበቂያ ላይኖራቸው ይችላል።

የደጋው አገር ለዚህ መሣሪያ የሚያደላበት አንድ ምክንያት አለ። በአየር ግፊት የሚሠራ መፍቻ ኮምፕሬሰር ይፈልጋል። አሰላን በመሰለ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ስፍራ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ስለ ሆነ ኮምፕሬሰሩ ይደክማል፤ ወደ ማሳም ማጓጓዙ አስቸጋሪ ነው። ባትሪ ግን በከፍታ ኀይሉ አይቀንስም። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ የከተማ ጋራዥ ኮምፕሬሰሩ ዛሬም ጠቃሚ ነው፤ ለማሳ ግን ባትሪው ይሻላል።

መብራት በሌለበት ስፍራ ባትሪው ከትራክተሩ ባትሪ በኢንቨርተር ሊሞላ ይችላል። 12 ቮልትና 100 አምፔር ሰዓት የሆነ የትራክተር ባትሪ 1,200 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ ባለ 90 ዋት ሰዓቱ ባትሪ በመንገድ የሚባክነው ተጨምሮ ከዚህ አንድ አሥረኛውን ያህል ይወስዳል። ይህም የትራክተሩ ሞተር እየሠራ ቢሆን ይመረጣል። ባትሪውን በፀሐይ በጋለ ብረት ላይ ማስቀመጥ፤ እንደ ጋለም መሙላት ያበላሸዋል፤ ውርጭ በወረደበት ማለዳም ሳይሞቅ መሙላት እንዲሁ ይጎዳዋል። አጨዳው ካለቀ በኋላ ግማሽ ያህል ተሞልቶ በደረቅና በቀዝቃዛ ግምጃ ቤት ይቀመጥ።

አራተኛው ከሁሉ የሚበልጠው ነው፤ የሰው ሕይወት አለበትና። ይህ መሣሪያ ለመፍታት እንጂ የጎማን ብሎን ጨርሶ ለማጥበቅ አልተሠራም። በችኰላ በእርሱ ብቻ የጠበቀ ብሎን አንዱ ከልክ በላይ ተስቦ ይዳከማል፤ ሌላው ላልቶ ይቀራል፤ ጎማውም በመንገድ ላይ ሊወልቅ ይችላል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» የተባለው በዚህ ሥራ ላይ ቃል በቃል ይፈጸማል። ስለዚህ ብሎኖቹ በመሣሪያው ለስላሳ ምት ከገቡ በኋላ መካኒኮች ቶርክ ሬንች በሚሉት ልክ ጠቋሚ መፍቻ፤ በመኪናው መጽሐፍ በተጻፈው ቍጥር፤ ፊት ለፊት ያሉትን እያፈራረቁ ማጥበቅ ያስፈልጋል። መኪናው ጥቂት ሰዓት ከሠራ በኋላም እንደ ገና ይፈተሹ። ቶርክ ሬንች የሌለው ግዢ ጎደሎ ግዢ ነው።

ቡሶላውም ለምት የተሠራው ጥቁሩና ወፍራሙ ይሁን፤ የሚያብለጨልጨው የእጅ ቡሶላ በምት ተሰባብሮ ዓይን ያጠፋል። ድምፁ ጆሮን የሚጎዳ ስለ ሆነ የጆሮ መከላከያና መነጽር ከመሣሪያው ጋራ ይገዙ። መኪናው በክሪክ ብቻ ተነሥቶ ሳለ ማንም ከሥሩ አይግባ፤ ጠንካራ ድጋፍ ይደረግለት።

እንግዲህ ሹሙ ከመፈረሙ በፊት የብሎኑን መዝገብ፤ የመሣሪያውን የማጥበቂያና የመፍቻ ቍጥር፤ ሁለት ትልልቅ ባትሪ ከመሙያው ጋራ፤ ጥቁሩን ቡሶላ፤ የጆሮና የዓይን መከላከያውን፤ ቶርክ ሬንቹንም በአንድ ዝርዝር ላይ አይቶ ዋጋውን ይደምር። መሣሪያው ብቻውን ርካሽ መስሎ ሊታይ ይችላል፤ እውነተኛው ዋጋ ግን ይህ ድምር ነው። አጨዳው ሲፈጸምም ኮምባይነሮቹ በብሎን ምክንያት የቆሙበትን ሰዓት ካለፈው ዓመት ጋራ አስተያይቶ ቢመዘግብ፤ ለሚቀጥለው ዓመት ግዢ ከነጋዴ ቃል ይልቅ የራሱ መዝገብ ይመራዋል።