ነፃ አልበም ሲባል የረከሰ አልበም ማለት ነው?

ሂፕ ሆፕ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን በክሊፕ ላይ ያለው የወርቅ ሰንሰለትና ውድ መኪና ነው። እኔም ከዚህ የተለየ ግምት አልነበረኝም። አንድ የዶርም ጓደኛዬ ባለቤቱ በነፃ የለቀቀውን የአንደርግራውንድ አልበም በፍላሽ ሲሰጠኝ «በነፃ ከሆነማ የሚገዛው አጥቶ ነዋ!» አልኩት። ተሳስቼ ነበር። ስህተቴ የገባኝ የሙዚቃውን አጀማመር ሳነብ ነው።

ሂፕ ሆፕ ሲጀመር የሚሸጥ አልበም አልነበረውም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 11 ቀን 1973 በኒውዮርክ ብሮንክስ፣ በአንድ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ከጃማይካ የመጣው ዲጄ ኩል ኸርክ እህቱ ባዘጋጀችው ፓርቲ ላይ ሙዚቃ አጫወተ። ኸርክ አንድ ነገር ልብ ብሏል፤ ሰው ይበልጥ የሚደንሰው ዘፋኙ ዝም ብሎ ድራሙ ብቻውን ሲቀር ነው። ስለዚህ ሁለት አንድ ዓይነት ሸክላዎችን በሁለት ማጫወቻ እያፈራረቀ ያቺን አጭር ቦታ ማስረዘም ጀመረ። በዚያ ምት ላይ ማይክ ይዞ ሰውን የሚያሟሙቀው ደግሞ በኋላ ራፐር የምንለው ሆነ። «ራፐርስ ዲላይት» ወጥቶ ራፕ ትልቅ ገበያ እስካገኘበት እስከ 1979 ድረስ ሙዚቃው የሚዛመተው ከፓርቲ ላይ በተቀዳ ካሴት፣ ከእጅ ወደ እጅ ነበር።

ታዲያ ከሌላ ሰው ሸክላ ቆርጦ አዲስ ሙዚቃ መሥራት፣ ማለትም ሳምፕሊንግ፣ ገበያ ሲገባ ጣጣ አመጣ። በ1991 አንድ የኒውዮርክ ፍርድ ቤት ራፐሩ ቢዝ ማርኪ ያለፈቃድ ሳምፕል በማድረጉ ፈረደበት። ከዚያ ወዲህ አሳታሚዎች ለእያንዳንዷ ቁራጭ ፈቃድ ይጠይቁ ጀመር። ፈቃድ ደግሞ ገንዘብ ነው። ገንዘብ የሌለው ልጅ ወይ ሳምፕሉን ይተዋል፣ ወይ ሥራውን ሳይሸጥ ይለቀዋል።

በነፃ መልቀቅ ግን ከክስ ያድናል ማለት አይደለም። በ2004 ዴንጀር ማውስ የጄይ ዚን ራፕ ከቢትልስ ሙዚቃ ጋር አዋህዶ «ግሬይ አልበም»ን ሲሠራ፣ ኢ.ኤም.አይ. የተባለው ኩባንያ ሥርጭቱ እንዲቆም አዘዘ። ዴ ላ ሶል ደግሞ በሳምፕል ጣጣ ምክንያት የቀድሞ አልበሞቻቸው በዲጂታል ገበያ ላይ ሳይውሉ ስለቀሩ፣ በፌብሩዋሪ 14 ቀን 2014 ለ25 ሰዓታት በነፃ ሰጧቸው። አልበሞቹ በይፋ በኢንተርኔት የገቡት በ2023 ነው። እንግዲህ ነፃ የሆነው ስለረከሰ ነው ይባላል?

እንዲህ ዓይነት ሥራ ስትፈልጉ መጀመሪያ የለቀቀው ባለቤቱ ራሱ መሆኑን አረጋግጡ። ባንድካምፕ ላይ ሙዚቀኛው ከፈለገ ዋጋውን ለአድማጩ ይተወዋል፤ ዜሮም ይሁን ብሎ። ቀጥሎ ድራሙን አድምጡ፤ ከአሮጌ ሸክላ የተቆረጠ ድምፅና የዲጄ ስክራች አለበት? በመጨረሻም ግጥሙን፤ ራፐሩ የሚያወራው ስለሚያውቀው ሰፈር ነው ወይስ ስለሌለው መኪና?

ነገሩ ከእኛም የራቀ አይደለም። ናስና ዴሚየን ማርሊ በ2010 «አዝ ዊ ኢንተር»ን የሠሩት ከሙላቱ አስታጥቄ «የግሌ ትዝታ» ሳምፕል አድርገው ነው። ስለዚህ ነፃ አልበም ስንሰማ የራፐሩን ልፋት ብቻ ሳይሆን ሸክላው የተቆረጠበትን ሰውም እናስብ። ሳምፕሉ የማን እንደሆነ ፈልገን፣ የእሱንም ሥራ ብናዳምጥና አቅም ሲኖረን ብንገዛ ዕዳችንን በከፊል ከፈልን ማለት ነው።

እኔ ጓደኛዬን ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ፍላሹን ግን እስካሁን አልመለስኩለትም!