የበግ ወተት በተቋቋሚ ቤተሰብ ጓሮ

በድርቅ ከብቱን ያጣ ገበሬ መልሶ ሲቋቋም አስቀድሞ የሚታሰብለት የእርሻ በሬ ነው። ይህ ተገቢ ቢሆንም በሬ ጡት የተወ ሕፃን አይመግብም። ላም ደግሞ ዋጋዋም ቀለቧም ከአነስተኛ ይዞታ አቅም በላይ ነው። ከስምንት እስከ አሥር የሚደርሱ የአገር በጎች የሚበሉት የአንዲት ላም ቀለብ ያህል ሲሆን፣ አንዷ ብትሞት ቤተሰቡ ባዶ እጁን አይቀርም።

በአፋርና በሶማሌ አርብቶ አደሮች ዘንድ በግ ማለብ የኖረ ልማድ ነው። በደጋው ግን በግ የሚረባው ለሥጋና ለሽያጭ፣ እንደ መንዝ ባሉ አካባቢዎችም ለጸጉሩ ጭምር ስለሆነ፣ በግ ትታለብ ሲባል የሚስቅ አባወራ አይታጣም። ልማዱን በትእዛዝ ለመለወጥ መሞከር አይበጅም። የእናቶችን ፈቃደኝነት ማግኘት ይበልጣል።

የበግ ወተት ስቡ በመቶ ከ6 እስከ 7፣ ፕሮቲኑም ከ5 በላይ ነው፤ የላም ወተት ግን ስቡ ወደ 4፣ ፕሮቲኑ ወደ 3 ይጠጋል። መጠኑ ግን ትንሽ ነው። አንዲት የአገር በግ ከግልገሏ ተርፎ የምትሰጠው በቀን አንድ ብርጭቆ ገደማ በመሆኑ፣ ከሦስት በታች እናት በጎችን ማደል ለወተት ዓላማ እምብዛም አይጠቅም።

ዋናው ቁም ነገር የመውለጃው ወቅት ነው። በግ የምታረግዘው ለአምስት ወራት ያህል ስለሆነ፣ አውራው በሚያዝያ ቢቀላቀል ግልገሎቹ በመስከረም ይወለዳሉ። ያን ጊዜ ሣሩ ለምለም ነው፣ ዝናቡም ያባራል። ያለፈው ዓመት እህል አልቆ አዲሱ ገና ያልተሰበሰበበት ጊዜም ይኸው ስለሆነ፣ ወተቱ የሚደርሰው ጎተራው ባዶ በሆነበት ሰዓት ነው። አውራው ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ከዋለ ይህ ጥቅም ይቀራል።

እንገሩ ሙሉ በሙሉ የግልገሉ ነው። እስከ ሦስተኛው ሳምንት ማለብ አይገባም። ከዚያ በኋላ ግልገሉ ሌሊት ተለይቶ ያድራል፣ እናቲቱ ጠዋት ትታለባለች፣ ቀን አብረው ይውላሉ። ግልገሉ ከከሳ ማለቡ ወዲያው ይቁም፤ የነገው መንጋ እርሱ ነውና። የውርጃ በሽታ ወደ ሰው ስለሚተላለፍ ወተቱ ሳይፈላ ለሕፃን አይሰጥም። በጾም ወራት አዋቂዎች የማይቀምሱት ወተት ለሕፃናት በሙሉ መትረፉ በጎ አጋጣሚ ነው።

በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከሰሜን ወደ መተከል የተወሰዱ ሠፋሪዎች የገጠማቸው የቆላ ዝንብና ገንዲ ለከብት እርባታ ትልቅ እንቅፋት ነበር። በግም ከገንዲ ነፃ አይደለችም። ስለዚህ ለቆላ ጣቢያ የደጋ በግ ማጓጓዝ ሳይሆን ሙቀቱንና በሽታውን የለመደችውን የአካባቢውን በግ መግዛት ይመረጣል። ከዕደላው አስቀድሞም የደስታ መሰል በሽታ ክትባት ይሰጥ።

ግጦሽ ሳያገግም በግ ማደል ጥፋት ነው። የከሳች በግ አትታለብም፤ የተራበ ቤተሰብም በእህል ይለውጣታል። በዚህ አባወራው አይወቀስም። በጎቹ የሚሰጡት የቤተሰቡ የእህል እርዳታ ሳይቋረጥ፣ ቢቻል እርጉዝ ሆነው፣ እስከ መውለጃቸው ከሚበቃ ድርቆሽ ጋር መሆን ይኖርበታል።