ከትምህርት ርቆ የቈየ ልጅ ጓደኞቹን እንዲደርስባቸው

ልጅ ከትምህርት ቤት በራቀ ጊዜ የሚያጣው ያለፈውን ትምህርት ብቻ አይደለም፤ የሚመጣውን የሚያቆምበትን መሠረት ጭምር ያጣል። ይህም ነገር በዘመናችን የአንድ ቤት ጉዳይ መሆኑ ቀርቶ የአገር ጉዳይ ሆኗል። በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በኮሮና በሽታ ምክንያት የአገራችን ትምህርት ቤቶች ሁሉ ተዘጉ፤ መከፈት የጀመሩትም በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ነው። በዚያው በጥቅምት ወር በሰሜን ጦርነት ስለ ተነሣ በትግራይ እጅግ ብዙ ልጆች ለበሽታው ብለው የዘጉትን መጽሐፍ እስከ 2015 ዓ.ም. ድረስ ሳይገልጡት ቈዩ። በአፋርና በአማራ ክልልም ብዙ ትምህርት ቤቶች ፈረሱ። ከዚያም በኋላ በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል በተነሣው ግጭት ምክንያት ብዙ ልጆች እንደ ገና ከትምህርት ገበታ ተለዩ።

እንዲህ ያለ ችግር በአገራችን ሲደርስ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. በጠላት ወረራ ዘመን የልጆች ትምህርት ተቋርጦ ነበር። ነጻነት ከተመለሰም በኋላ ትምህርት ቤት መክፈት አንድ ሥራ፣ የጠፋውን ዕውቀት መመለስ ደግሞ ሌላ ሥራ ሆኖ ተገኘ። ዛሬም በሩ ስለ ተከፈተ ብቻ ሁሉ ነገር የተፈጸመ የሚመስለን ወላጆች ብዙዎች ነን። እኔም ከእነዚህ አንዱ ስለ ነበርሁ ስሕተቴ ለሌላው ትምህርት እንዲሆን እጽፈዋለሁ።

በ2016 ዓ.ም. የእኅቴ ልጅ ከወሎ ገጠር ወደ ቤቴ መጣ። ዕድሜው ዐሥራ ሦስት ዓመት ነበረ፤ በበሽታውና በጦርነቱ ምክንያት ግን ከሁለተኛ ክፍል ወዲህ የተማረው ጥቂት ነው። በዕድሜው ልክ አምስተኛ ክፍል ገባ። አንብብ በተባለ ቍጥር «ዐይኔን ያመኛል» ይል ስለ ነበረ ወደ ዐይን ሐኪም ወሰድሁት፤ ሐኪሙም መርምሮ ዐይኑ ጤነኛ መሆኑን ነገረኝ። እኔም ሰነፍ መሰለኝና ከደመወዜ ቈርጬ አስጠኚ ቀጠርሁለት፤ የአምስተኛ ክፍልን መጽሐፍ እንዲያስጠናውም አዘዝሁ። ልጁ በሦስት ወር ውስጥ ደብተሩን በሚያምር ጽሕፈት ሞላው። ነገር ግን ጽሕፈቱ ከሰሌዳ የተገለበጠ ሥዕል ነበረ እንጂ እርሱ ራሱ የሚያነበው ቃል አልነበረም። አንድ ቀን ማታ ወደ እኔ ቀርቦ «ጋሼ፣ እኔ ለትምህርት አልተፈጠርሁም፤ የመኪና ረዳት ሆኜ ልሥራ» አለኝ።

ይህን ቃል በሰማሁ ጊዜ የኔታ ትዝ አሉኝ። በልጅነቴ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ሳለሁ ወባ ይዞኝ ብዙ ወራት ቀርቼ ነበር። በተመለስሁም ጊዜ ጓደኞቼ ዳዊት ጀምረው አገኘኋቸው። የኔታም ከእነርሱ ጋራ አላስቀመጡኝም፤ አልተቈጡኝምም። መልእክተ ዮሐንስን ዘርግተው አስነበቡኝ፤ በተሳሳትሁበት ስፍራ ላይ ጣታቸውን አሳርፈው «ትምህርትህ ከዚህ ይጀምራል» አሉና ለአንድ ታላቅ ተማሪ ሰጡኝ። እርሱም ጧትና ማታ ከጐኔ ተቀምጦ ቍጥሩን፣ ግእዙን፣ ውርድ ንባቡን እያስኬደ ከጓደኞቼ አደረሰኝ። የኔታ የመዘኑኝ በዕድሜዬ ሳይሆን በንባቤ ነበር፤ እኔ ግን በእኅቴ ልጅ ይህን ረስቼው ነበር።

ስለዚህ አስጠኚውን ጠርቼ የአምስተኛ ክፍልን መጽሐፍ አስቀምጠን ልጁን ከፊደል ጀምሮ መረመርነው። ኃምሱን ከሳድሱ ሲያምታታ፣ በሒሳብም መቀነስ እያወቀ መበደር ሲመጣ ሲጠፋበት አገኘነው። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አርባ ደቂቃ ያህል ከዚያው ከጐደለበት ስፍራ ጀምሮ ተማረ። ማታ ማታ ደግሞ ትንሿን ልጄን ፊደል እንዲያስቈጥር አደረግሁት፤ እርስዋን ለማስተማር ብሎ የራሱን ጕድለት ያለ እፍረት አቃና። በስምንተኛው ወር ማንም ሳያዝዘው ከጠረጴዛዬ ላይ ጋዜጣ አንሥቶ ከርእሱ እስከ መጨረሻው አነበበልኝ። ሒሳቡ ገና ከጓደኞቹ አልደረሰም፤ ስለ ዐይኑ ሕመም ግን ከዚያ ወዲህ አልሰማሁም።

ይህ የየኔታ ዘዴ በሌላም አገር ተፈትኖ ተገኝቷል። በህንድ አገር በሙምባይና በቫዶዳራ ከተሞች፣ በፈረንጅ አቈጣጠር ከ2001 እስከ 2003 ዓመት፣ ፕራታም የተባለው ማኅበር ከየሰፈሩ ሁለተኛ ደረጃ የተማሩ ወጣት ሴቶችን ቀጥሮ ነበር። እነዚህም «ባልሳኪ» ይባሉ ነበር፤ ትርጓሜውም የልጅ ወዳጅ ማለት ነው። ከክፍላቸው ወደ ኋላ የቀሩትን ልጆች ዐሥራ አምስት ሃያ እያደረጉ በየቀኑ ሁለት ሰዓት ያህል መሠረታዊውን ንባብና ሒሳብ ያስተምሯቸው ነበር። ሊቃውንት በመረመሩት ጊዜም የልጆቹ ዕውቀት ከፍ ብሎ ተገኘ፤ ይልቁንም እጅግ ደካሞች የነበሩት ብዙ ተጠቀሙ። በቦትስዋናም በ2012 ዓ.ም. ትምህርት ቤቶች በተዘጉ ጊዜ አስተማሪዎች በየሳምንቱ ሃያ ደቂቃ ያህል በስልክ እየደወሉ ልጆችን ሒሳብ አስተማሩ። በስልክ ጽሑፍ ብቻ የተላከላቸው ልጆች እምብዛም ሳይጠቀሙ፣ የአስተማሪውን ድምፅ የሰሙት ግን ተሻሽለው ተገኙ። ከዚህም የምንረዳው ልጅን የሚያቀናው የሚሰማውና የሚያርመው ሰው መሆኑን ነው።

እንግዲህ ልጅ የሚያስጠና ወላጅ አራት ነገር ይጠብቅ። አንደኛ፣ ልጁ የሚያውቀውንና የማያውቀውን ሳይመረምር መጽሐፍ አይምረጥለት። ሁለተኛ፣ በሳምንት አንድ ቀን ብዙ ሰዓት ከማስጠናት በየቀኑ ጥቂት፣ ሰዓቱም ሳይለዋወጥ ያስጠናው። ሦስተኛ፣ አስጠኚው የቤት ሥራውን ለልጁ እንዳይሠራለት ይጠንቀቅ፤ እንዲህ ያለው አስጠኚ ደብተሩን ያሳምራል እንጂ ልጁን አያስተምርም። አራተኛ፣ ልጁን በታናናሾቹ ፊት አያሳፍረው፤ ያፈረ ልጅ አለማወቁን ይሰውራልና፣ የተሰወረም ቍስል አይታከምም። ሴት ልጅም ውሃ ስትቀዳና እንጀራ ስትጋግር ውላ ማታ ከመብራት አጠገብ ብትቀመጥ የሚያሸንፋት እንቅልፍ ነው፤ ስለዚህ የጥናትዋ ሰዓት ከቤት ሥራ ነጻ ይሁንላት።

ደመወዝ ከፍሎ አስጠኚ ለመቅጠር የሚችል ግን ጥቂት ነው። ስለዚህ ክቡራን ባለሥልጣኖችና ባለጠጎች በዚህ ነገር እንድታስቡበት በትሕትና አሳስባለሁ። ሠራተኞች ከሄዱ በኋላ ባዶውን የሚያድር የመሥሪያ ቤት ክፍል፣ ጥቂት ወንበርና አንድ ሰሌዳ ቢገኝ፣ ሁለተኛ ደረጃ የጨረሱ የሰፈር ወጣቶች ከጦርነት ስፍራ የመጡትን ልጆች ሊያስጠኑ ይችላሉ። ለወጣቶቹም ጥቂት ድጎማ፣ በየወሩም ልጆቹን አስነብቦ የሚመለከት አንድ አስተማሪ ቢሰጣቸው ሥራው ይጸናል።

የጠፋው ዓመት አይመለስም፤ ልጁ ግን ይመለሳል። የእኅቴ ልጅ ለትምህርት አልተፈጠርሁም ባለኝ ጊዜ ቃሉን ተቀብዬው ቢሆን ኖሮ፣ ዛሬ ቤቴ ውስጥ ጋዜጣ የሚያነብልኝን ልጅ በገዛ እጄ ባጣሁት ነበር።